የፍቅር ክሊፖች ለምን በትዝታ ይናገራሉ?

ቴይለር ስዊፍት ጽፋ ባዘጋጀችውና እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በወጣው «ኦል ቱ ዌል» የተሰኘ አጭር ፊልም መካከል፣ ዘፈኑ ጭራሹን ጸጥ የሚልበት አንድ ትዕይንት አለ። ሁለት ፍቅረኞች ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። የጭቅጭቁ መነሻ ትንሽ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ገበታ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሰውየው እጇን ለቀቃት። እሷ በሰው ፊት የተገፋች ያህል ተሰምቷታል፤ እሱ ደግሞ ነገሩን እንዳገነነችው ሊያሳምናት ይሞክራል። ሴዲ ሲንክና ዲላን ኦብራየን ይህን ሲጫወቱ ከበስተኋላ ምንም ሙዚቃ አይሰማም። እስከዚያ ቅጽበት ድረስ ስንኝ በስንኝ ሲተርክልን የቆየው ዘፈን ለሁለቱ ሰዎች ቦታ ለቅቆ ይወጣል፤ ጭቅጭቁ ሲበርድ ተመልሶ ይገባል።

ይህች ውሳኔ ስለ መላው ዘርፍ የምትናገረው ነገር አለ። ከአሥር ደቂቃ የሚያልፍ ዘፈን፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ምስልና በምዕራፍ የተከፋፈለ ታሪክ ሁሉ በእጅ እያለ፣ ፍቅረኞቹ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ዘንድ ዘፈኑ ዝም ማለት ነበረበት። የፖፕ ክሊፖች «ፊልም ፊልም መሽተት ጀመሩ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ዘፈንና ፊልም ተስማምተው አንድ ላይ መሥራታቸው ነው። እኔ ግን የፍቅር ክሊፕ ታሪክ በአብዛኛው የሁለቱ አለመስማማት ታሪክ ይመስለኛል። ከጊዜ ብዛት ያላረጁት ሥራዎችም አለመስማማቱን የሸፋፈኑት ሳይሆኑ መላ ያበጁለት ናቸው።

አለመስማማቱ የሚጀምረው ከጊዜ ነው። ታሪክ ወደፊት ይሄዳል፤ ዘፈን ግን ይመለሳል። አንድ ሰው ከአንዲት ሴት ጋር ተዋወቀ፣ ወደዳት፣ ተለያዩ ብለን ስንተርክ እያንዳንዱ ድርጊት ከፊተኛው ይወለዳል፤ አንዴ ካለፈም አይደገምም። በዘፈን ውስጥ ግን አዝማቹ በተመሳሳይ ቃልና በተመሳሳይ ዜማ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይመጣል፤ አድማጩም የሚጠብቀው ይህንኑ መመለስ ነው። በዚህ ላይ የክሊፕ ዳይሬክተር ሥራውን የሚረከበው ድምፁ ተቀድቶ ካበቃ በኋላ ነው። የፊልም ባልደረባው አንድ እይታ ትንሽ ይቆይ ብሎ ሲያስብ ያስቆየዋል፤ የክሊፑ ዳይሬክተር ግን ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ከተሰጠው ያችኑ አብቃቅቶ ይሠራል። በቀረጻው ቦታ የተቀዳው ዘፈን በድምፅ ማጉያ እየተለቀቀ ድምፃዊው ከንፈሩን ያገጣጥማል፤ ተዋንያኑም የሚሳሳሙት፣ የሚኳረፉትና በር ዘግተው የሚወጡት አስቀድሞ በተቆረጠ የሰዓት ልክ ነው።

ማይክል ጃክሰን «ትሪለር»ን በ1983 ለማሠራት ከሆሊውዱ ዳይሬክተር ከጆን ላንዲስ ጋር ሲቀመጥ ይህ ችግር ገና ከጅምሩ ተከስቷል። ሥራው የሚታወሰው በሙታኑ ጭፈራ ነው፤ ነገር ግን የሚጀምረው በፍቅር ታሪክ ነው። መኪናቸው ነዳጅ ጨርሶ የቆመባቸው ወጣቶች በጨረቃ ይራመዳሉ፤ እሱ ቀለበት ያደርግላታል፤ ቀጥሎም እንደ ሌሎች ወንዶች እንዳልሆነ ይነግራታል። አባባሉ ለጊዜው የፍቅር ሽንገላ ይመስላል፤ ጨረቃዋ ስትገለጥ ግን ወደ አውሬ ይለወጥና ቃል በቃል እውነት ሆኖ ይገኛል። ላንዲስ ይህን ታሪክ ወደ 14 ደቂቃ ለማስረዘም ዘፈኑን እንዳለ አልተጠቀመበትም፤ ፈታቶ ነው ያዋቀረው። ይህ ሁሉ በሲኒማ ቤት የሚታይ ፊልም ሆኖ ይገኛል፤ ሲያዩት የነበሩት ወጣቶች ከሲኒማ ቤቱ ወጥተው በጎዳናው ሲሄዱ የዘፈኑ ስንኞች አንዱ በሌላው ላይ ይከታተላሉ፣ አዝማቹ ግን አይመጣም። የሚመጣው ከጭፈራው ጋር፣ ታሪኩ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ታሪኩ ወደፊት እንዲራመድ ካስፈለገ አዝማቹ መታሰር ነበረበት። በ2009 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዘለቄታ እንዲጠበቁ ከመረጣቸው ፊልሞች መዝገብ በመግባት የመጀመሪያው የሙዚቃ ክሊፕ የሆነው ይህ ሥራ፣ ዘፈንን ለፊልም ያስገዛ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

እንዲህ ዓይነቱ አቅምና ነፃነት ግን ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ነበር። ዘፈኑን መነካካት ያልቻሉት ዳይሬክተሮች ሌላ መውጫ መፈለግ ነበረባቸው፤ ያገኙት መውጫ ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ የፍቅር ክሊፕን መልክ እስከ ዛሬ የወሰነው ነው። ነገሩ ቀላል ነው። በሰው ሕይወት ውስጥ እንደ አዝማች ደጋግሞ የሚመለስ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ትዝታ ነው። የተለየን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሰን አንተወውም፤ ያችው ቀን፣ ያችው ሳቅ፣ ያችው የመጨረሻ ንግግር እየተመላለሰች ትመጣለች፣ በመጣች ቁጥርም በላይዋ የሚደረብባት ስሜት ይለያያል። ስለዚህ ታሪኩን «እየሆነ ያለ» ከማድረግ ይልቅ «የሆነና የሚታወስ» ማድረግ የዘፈኑን መደጋገም ከእንቅፋትነት ወደ ምክንያትነት ይለውጠዋል። በፍቅር ክሊፖች ውስጥ ደስታው ሁልጊዜ ያለፈ፣ ብቸኝነቱ ግን አሁን የሆነው፣ ዘፋኙም መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የሚገኘው ገጣሚዎች ሁሉ ሐዘንተኞች ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ የአዝማቹ ቅርጽ ራሱ ወደ ኋላ መመልከትን ስለሚጋብዝ ነው።

ይህን እስከ ጥጉ የወሰደው የኮልድፕሌይ «ዘ ሳይንቲስት» ይመስለኛል። በ2002 በጄሚ ትሬቭስ ዳይሬክተርነት የተሠራው ይህ ክሊፕ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሄዳል። የቡድኑ ድምፃዊ ክሪስ ማርቲን ከፍራሽ ላይ ተነስቶ በከተማው ውስጥ የኋሊት ይራመዳል፣ አጥር ይዘላል፣ ጫካ ውስጥ ይገባል፤ ከንፈሩ ግን ስንኞቹን በትክክል ይናገራል። ይህ እንዲሆን ዘፋኙ ዘፈኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጦ መዝፈን መለማመድ ነበረበት፤ ልምምዱም አንድ ወር ገደማ ወስዶበታል። የዚህ ድካም ፍሬ የሚታየው በማብቂያው ነው። የመኪናው ስብርባሪ መስታወት ተሰብስቦ ይገጥማል፤ በአደጋው ከመኪናው ተወርውራ የወደቀችው ሴት ወደ መቀመጫዋ ትመለሳለች፤ ሁለቱም በሰላም እየተጓዙ ይታያሉ። የምናየው የመጨረሻ ምስል የታሪኩ የመጀመሪያ ምስል ነው፤ ደስተኛ ነው፣ ነገር ግን ምን እንደሚከተል አውቀን ስለምናየው ልብ ይሰብራል። የኋሊት መሄዱ የካሜራ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ዓመት ውስጥ በተረሳ ነበር። ዘፈኑ ራሱ ወደ መነሻው ልመለስ ብሎ የሚለምን ሰው ዘፈን ስለሆነ ግን ምስሉ ልመናውን ይፈጽምለታል፤ በሕይወት የማይቻለውን በቴፕ ማጠንጠን ያሳካዋል።

ሪሃና በ2011 ያወጣችው «ዊ ፋውንድ ላቭ» የተለየ መንገድ ይከተላል። ግጥሙ በጣም አጭር ነው፤ ተስፋ በሌለበት ስፍራ ፍቅር ስለመገኘቱ የሚናገር አንድ ሐረግ ደጋግሞ ይመላለሳል። ዳይሬክተሯ ሜሊና ማትሱካስ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት አንዲት ሴት ስላለፈ ፍቅር ስትናገር ታሰማናለች፤ በዚህ መክፈቻ ምክንያት ከዚያ በኋላ የምናየው ሁሉ የሚታወስ ነገር እንደሆነ እናውቃለን። ቀጥሎ ምስሎቹ ይጎርፋሉ፦ ሁለት ወጣቶች ይሳሳቃሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይሰክራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ሐረጉ ሲደጋገም ቃሉ አንድ ነው፤ ምስሉ ግን ከሥሩ ይለወጣል። መጀመሪያ ሲሰማ ብሥራት ነበር፤ በመሐል ሲሰማ ሱስ ይመስላል፤ በመጨረሻ፣ ሴቲቱ ትታው ልትሄድ ስትነሳ፣ ያው ሐረግ የስንብት ቃል ይሆናል። ግጥሙን ሰም ብንለው ወርቁን የሚያወጣው ምስሉ ነው፤ ለዚህም ነው ማትሱካስ ከግጥሙ ያላነሰ የደራሲነት ድርሻ የሚገባት።

የጋንስ ኤን ሮዝስ «ኖቬምበር ሬይን» በ1992 ያደረገውም በመሠረቱ ከዚህ አይርቅም፤ ልዩነቱ በጀቱና የቀሚሱ ርዝመት ነው። ሰውየው መድኃኒት ውጦ ይተኛል፤ ሰርጉ ይመጣል፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሙሽራይቱ በሬሳ ሣጥን ትታያለች። ለምን እንደሞተች ክሊፑ አይነግረንም። ዘጠኝ ደቂቃ የፈጀ ሥራ ዋናውን ነገር ሳይናገር ማለፉን ብዙዎች ጉድለት ይሉታል፤ እኔ ደግሞ የሕልም ጠባይ ነው እላለሁ፤ በሕልም ውስጥ ሰው ይሞታል እንጂ የሞቱ ምክንያት አይመረመርም። ክሊፑ በ2018 በዩቲዩብ አንድ ቢሊዮን ጊዜ በመታየት ከ1990ዎቹ ክሊፖች የመጀመሪያው ሲሆን፣ ተመልካቹ ያልተነገረውን ምክንያት በገዛ ሐሳቡ መሙላት እንዳልከበደው ያሳያል።

ሁለተኛው አለመስማማት የድምፃዊው አካል ነው። በፊልም ውስጥ ተዋናይ ካሜራውን አያይም፤ ካየ ታሪኩ ይፈርሳል። የክሊፕ ዘፋኝ ግን ዓይናችንን እያየ ይዘፍናል፤ በሚቀጥለው ቅጽበት ደግሞ ካሜራ የሌለ መስሎ ፍቅረኛውን ያቅፋል። ተራኪም ገጸ ባሕርይም ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ራሱ ነው፣ ፊቱ ከታሪኩ በፊት የሚታወቅ ሰው። ተመልካች «ገጸ ባሕርይዋ ተከዳች» ብሎ አያስብም፤ «ዘፋኟ ተከዳች» ብሎ ነው የሚያስበው፣ ማን እንደከዳትም ለማወቅ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ ያድራል። ቢዮንሴ በኤፕሪል 2016 በኤችቢኦ ቴሌቪዥን ያቀረበችው አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው የዘፈኖች ፊልም «ሌመኔድ» በዚህ ጉጉት ላይ አውቆ የቆመ ነው። አሥራ አንድ ምዕራፎቹ በድርጊት ሳይሆን በስሜት የተሰየሙ ናቸው፤ ከውስጣዊ ጥርጣሬ ይነሳና በቁጣ፣ በባዶነትና በይቅርታ አልፎ ቤዛነት ላይ ይደርሳል። ባል ምን አደረገ የሚለውን ጥያቄ ታሪኩ በዝርዝር አይመልስም፤ ሚስት በምን አለፈች የሚለውን ግን የዋርሳን ሽሬን ግጥሞች በዘፈኖቹ መካከል እያስነበበ እስከ መጨረሻው ይከተላል።

ተራኪንና ገጸ ባሕርይን አንድ ሰው ውስጥ ማኖር እንዴት እንደሚቻል የሚያሳይ አንድ የቀረጻ ብልሃት አለ፤ ተመልካች ብዙም አያስተውለውም። በዝግታ የሚንቀሳቀስ ምስል ውስጥ ዘፋኙ በትክክለኛው ፍጥነት ሲዘፍን ያየን እንደሆነ፣ በቀረጻው ቀን ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ተለቅቆለት ከንፈሩን በዚያው ፍጥነት ሲያንቀሳቅስ ነበር ማለት ነው። ካሜራው በሰከንድ 48 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀድቶ በ24 ሲታይ ከንፈሩ ከዜማው ጋር ይገጥማል፤ ዝናቡ፣ ፀጉሩና የቀሚሱ ጨርቅ ግን በግማሽ ፍጥነት ይንሳፈፋሉ። አዳራሽ ሙሉ ሰው እየጨፈረ አንዲት ሴት ብቻ ከሌላ ጊዜ እንደመጣች የምትመስልበት እይታ የሚገኘው እንዲህ ነው። ሁላችንም ትዝታን በዚህ መልክ እናውቀዋለን፤ ያየነው ሁሉ ዘግይቶ ይንቀሳቀሳል፣ ስለእሱ የምንናገረው እኛ ግን በራሳችን ሰዓት ላይ ነን።

የደቡብ ኮሪያ የባላድ (የዝግታ የፍቅር ዘፈን) ዘፋኞች ችግሩን ከሥሩ ነቅለውት ነበር። ጆ ሱንግ ሞ በ1998 «ቱ ሄቨን» በተሰኘ ዘፈን ብቅ ሲል ፊቱን ለሕዝብ አላሳየም፤ ክሊፑን የተጫወቱት ሊ ቢዩንግ ሁንን የመሳሰሉ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋንያን ነበሩ። ድምፅ ያለ አካል ሲመጣ እንደ ልብ ወለድ ተራኪ ይሆናል፤ ሁሉን ያውቃል፣ በድርጊቱ ግን እጁን አያስገባም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዚያች አገር እንደ ድራማ የተሠሩ፣ ግጭትና ሞት የሞላባቸው ረጃጅም ክሊፖች ወግ ሆኑ። ዛሬም የዚህ ወግ ጥላ አለ። ዘፋኟ አይዩ በ2024 ባወጣችው «ላቭ ዊንስ ኦል» ክሊፕ የፊልም ዳይሬክተሩ ኡም ቴ ህዋ ሁለት ፍቅረኞችን በፈራረሰ ዓለም ውስጥ ያሸሻቸዋል፤ በእጃቸው ያለችው ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ ግን ስትከፈት እነሱንም ዓለሙንም ያማረና የተጠገነ አድርጋ ታሳያለች። ክሊፑ የአካል ጉዳት የሌለበትን ሕይወት ውብ፣ ያለበትን ደግሞ የሚሸሹት አድርጎ አቅርቧል የሚል ትችት ገጥሞታል፤ ትችቱ ከባድና ሊመለስ የሚገባው ነው። እንደ ትረካ ብልሃት ስናየው ግን ካሜራ ራሱ የትዝታና የምኞት መስኮት ሆኖ ታሪኩ ውስጥ መግባቱ የፍቅር ክሊፕ ለዓመታት ያደረገውን ነገር በአደባባይ የመናዘዝ ያህል ነው።

በሕንድ ሲኒማ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። የመጀመሪያው ድምፅ ያለው የሂንዲ ፊልም «አላም አራ» በ1931 ሲወጣ ሰባት ዘፈኖች ነበሩት፤ ከዚያ ወዲህ ዘፈን በዚያ ሲኒማ ውስጥ ፍቅር የሚናገርበት ሥፍራ ሆነ። ፍቅረኞቹ በውይይት የማይደፍሩትን በዘፈን ይሉታል፤ በአንድ ስንኝና በሚቀጥለው መካከል ልብሳቸውም አገሩም ይለወጣል፣ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም። በወጥ ቤቱ ትዕይንት ፍቅረኞች እንዲናገሩ ዘፈኑ ዝም አለ ብለን ነበር፤ እዚህ ደግሞ ፍቅረኞች እንዲናገሩ ታሪኩ ይቆማል። ሁለቱም አንድ እውነት ይመሰክራሉ፤ ዘፈንና ታሪክ በአንድ ጊዜ መናገር ይከብዳቸዋል፣ ተራ መያዝ ግን ይችሉበታል።

ታሪክ የሚባል ነገር ጨርሶ ሳይኖር የተሳካለትም አለ። በ1990 ጆን ሜበሪ የሲኔድ ኦኮነርን ፊት ከጥቁር መደብ ጋር በቅርበት ቀርጾ «ናቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ»ን ሲሠራ፣ በመሐል የገባው በአንድ መናፈሻ ውስጥ የመራመድ ምስል ብቻ ነው። የሚታወሰው ግን ከዓይኖቿ የወረደው እንባ ነው። ግጥሙ የተለየ ፍቅረኛን ይጣራል፤ እሷ ግን እንባዋ የመጣው ስለ እናቷ በማሰቧ እንደሆነ ተናግራለች። ፕሪንስ የጻፈው የፍቅር ዘፈን በአንዲት ሴት ፊት ላይ የልጅ ሐዘን ሆኖ ወጣ፤ እኛም ልዩነቱን ሳናውቅ እንደ ፍቅር ተቀበልነው። ለፍቅር ክሊፕ ሁለት ሰው ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ከዚህ በኋላ ብዙ አያስኬድም።

ለታሪክ ገበያ መኖሩ የተረጋገጠው ደግሞ ቀደም ብሎ ነው። የኖርዌዩ ቡድን አሃ «ቴክ ኦን ሚ» የተሰኘውን ዘፈን በ1984 ሲያወጣ ተራ የመድረክ ክሊፕ ተሠርቶለት ነበር፤ ዘፈኑ ግን አልተሳካለትም። በ1985 እንደገና ተቀድቶ ስቲቭ ባረን ሌላ ክሊፕ ሠራለት፤ በካፌ ተቀምጣ የሥዕል መጽሔት የምታነብ ሴት ከገጹ በወጣች እርሳስ የተሣለች እጅ ተስባ ወደ ሥዕሉ ዓለም ትገባለች። ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ፍሬሞች በእጅ በድጋሚ ተሥለው ለዚህ ሥራ ውለዋል፤ ሥዕሉም አሥራ ስድስት ሳምንት ፈጅቷል። ዘፈኑ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በርግጥ ዘፈኑም እንደገና ተሻሽሎ ተቀድቶ ስለነበር ምስጋናው ሁሉ ለምስሉ አይሰጥም፤ ይሁን እንጂ ኩባንያዎች የተማሩት ትምህርት ታሪክ ይሸጣል የሚል ነበር።

ለዚህ ትምህርት መድረክ የሆነው በኦገስት 1 ቀን 1981 ሥርጭት የጀመረው የአሜሪካው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤምቲቪ ነው። ዘፈንን በምስል መሸጥ ግን ከዚያ በፊትም ነበር፤ በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሳንቲም ሲገባባቸው የሦስት ደቂቃ የዘፈን ፊልም የሚያሳዩ ሣጥኖች በመጠጥ ቤቶች ይቆሙ ነበር፣ በ1960ዎቹም ፈረንሳዮች «ስኮፒቶን» የተባለውን ባለቀለም ዝርያ አመጡ። ቴሌቪዥኑ ያመጣው አዲስ ነገር ድግግሞሽ ነው፤ አንድን ክሊፕ በቀን ብዙ ጊዜ ማየት ማለት ፍጻሜውን አውቆ ማየት ማለት ነው። ከላይ ያልሁት የትዝታ አተራረክ እንዲህ በመሰለ ተመልካች ፊት ይበልጥ ይሠራል፤ መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያውን የሚያየው በሐዘን ነው።

ዛሬ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎተት ዘርፍ ነው የምናየው። ዩቲዩብ እንደ ቴሌቪዥን የሰዓት ሽሚያ ስለሌለበት ክሊፑ እንደልቡ መርዘም ችሏል፤ የአሜሪካን የዘፈኖች ሰንጠረዥ የሚያወጣው ቢልቦርድም በፌብሩዋሪ 2013 የዩቲዩብ እይታዎችን ለዘፈኖች ደረጃ መቁጠር ሲጀምር፣ ክሊፕ ከማስታወቂያነት አልፎ ራሱ የሚቆጠር ነገር ሆነ። አዴል በ2015 «ሄሎ»ን ስታወጣ የካናዳው የፊልም ሰው ዣቪዬ ዶላን ከፊሉን ለግዙፍ ስክሪን በተሠራው በአይማክስ ካሜራ ቀረጸው። ዘፋኟ አቧራ የለበሰ ቤት ከፍታ ትገባለች፤ የተለየችው ሰው በትዝታዋ ብቻ ብቅ ይላል። ብዙ ሰው የሳቀበት በእጇ የያዘችው ተጣጣፊ ስልክ ነበር፤ ዶላን ግን ዘመናዊ ስልክና መኪና ተመልካቹን ከታሪኩ አውጥተው ወደ ዕለት ኑሮው እንደሚመልሱት ስለሚያምን ነው አሮጌውን የመረጠው። አባባሉ ትክክል ነው። ትዝታ ያረጀ ዕቃ ይወዳል።

ነገር ግን «ሲኒማዊ» የሚለው ቃል በዚህ መካከል ረክሷል። ከላይና ከታች ጥቁር ጥብጣብ መጣል፣ ምስሉ ላይ የፊልም ጭረትና ነጠብጣብ መጨመር፣ ክፍሉን በጭስ ሞልቶ ብርሃን በመስኮት ማስገባት፣ ዘፈኑ ሳይጀምር አንድ ደቂቃ ዝምታና የባሕር ሞገድ ማሰማት፤ እነዚህ ሁሉ የፊልም ልብስ እንጂ የፊልም ሥራ አይደሉም። የብዙዎቹን ረጃጅም የፍቅር ክሊፖች ተዋንያን ቀርበን ብንጠይቃቸው ፍቅረኛው ለምን እንደሄደ የሚነግሩን አይመስለኝም። ዝናቡም ቢሆን አላግባብ ነው የሚዘንበው። የሦስት ደቂቃ ሥራ ውስጥ እጅ ስለመልቀቅ የሚያወራ ሰው፣ የአሥራ አምስት ደቂቃ የድሮን ምስል ከሚያሳየን ሰው ይልቅ ለሲኒማ ይቀርባል።

በሌላው አቅጣጫ የሚጎትተው የስልኩ ቁመታም መስኮት ነው። በቲክቶክና በመሰሎቹ ዘፈን የሚተዋወቀው በጥቂት ሰከንድ ቁራጭ ስለሆነ፣ ክሊፕ ሲታቀድ የትኛው እይታ ተቆርጦ ብቻውን ይዞራል የሚለው ጥያቄ ከስክሪፕቱ እኩል ይነሳል። ቁራጭ ደግሞ መሳሳምን፣ ጥፊን፣ እንባን ይይዛል እንጂ ወደ እነዚህ ያደረሰውን መንገድ አይይዝም። ያለ መንገድ የመጣ እንባ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያመጣው ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይነሳል። በሜይ 2024 ዳይሬክተሩ ፖል ትሪሎ ለሙዚቀኛው ዋሽድ አውት «ዘ ሃርደስት ፓርት» ዘፈን ከጽሑፍ ቪዲዮ በሚፈጥረው በሶራ የሠራው ክሊፕ አንድ ጥንዶችን ከትምህርት ቤት ፍቅር እስከ ትዳርና ልጅ ድረስ ያለማቋረጥ ወደፊት በሚሮጥ ካሜራ ይከተላል፤ ዳይሬክተሩ ካወጣቸው 700 ያህል ቁርጥራጮች 55ቱን መርጦ ነው የገጣጠመው። አንድ ሙሉ ዕድሜን በአራት ደቂቃ የማስሮጡ ሐሳብ ውብ ነው፤ ምስሉም እንደ ሕልም ይፈስሳል። የጎደለው ቆም ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ሲተያዩ፣ አንደኛው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ሲተወው የሚታይባት ቅጽበት የለችም፤ ፍቅር ደግሞ በምስል የሚታወቀው በእንዲያ ያለችው ቅጽበት ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የመስኮቱ ቅርጽ ነው። አግድም በሰፋው የሲኒማ ፍሬም ፍቅረኞችን ማጣላት ቀላል ነበር፤ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ዳር ያስቀምጧቸዋል፣ በመካከላቸው ያለው ባዶ ጠረጴዛ ወይም ባዶ መንገድ የቀረውን ይናገራል። በቁመታሙ ፍሬም ያ ባዶ ቦታ መግቢያ የለውም። ሁለት ፊት ጎን ለጎን አይገባምና ዳይሬክተሮች አንዱን ከሌላው ኋላ ያቆማሉ፣ ወይም ትከሻ ላይ ያስደግፋሉ፤ ስለዚህ ጥንዶች የተቃቀፉ ይመስላሉ፣ በተጣሉበት ቀን እንኳ። የተለያዩትን ለማሳየት የቀረው መንገድ እየነጠሉ አንድ በአንድ ማሳየት ነው፤ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እሱን። የወጥ ቤቱ ጭቅጭቅ በስልክ ሲዞር የምናገኘውም እንዲሁ ተቆርጦ ነው፤ የሷ ፊት አለ፣ የሱ ፊት አለ፣ በመካከላቸው የነበረው ርቀት ግን ከፍሬሙ ውጭ ቀርቷል።